መርዝ ብለን የጠራነው ደረጃ

ባለፈው ሳምንት ቲቪያችን እምቢ አለና አቅፌው ዊንጌት አጠገብ ወዳለው ጥገና ቤት ወረድኩ። ጠጋኙ ሌላ ደንበኛ ያመጣለትን የድሮ ባለ ሆድ ቲቪ ከፍቶ ሲጎረጉር ደረስኩ፤ ያን ከኋላው የተነፋውን፣ ለመሸከም ሁለት ጎረምሳ የሚጠይቀውን ዓይነት። ሰካው። ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ የሞቀ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የያዝኩትን ቲቪ ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ጠርዙን ያዝኩ። ጠጋኙ «እናት፣ ይቀመጡ እስቲ፤ ምን ሆኑ?» ሲለኝ እናት የተባለችው ማን ናት ብዬ ወደኋላዬ ዞሬ አየሁ። ለካ እኔው ነኝ። ፀጉሬን በሂና እሸፋፍነዋለሁ እንጂ ሃምሳን እያንኳኳሁ ነው። ያ ሽታ ግን ሃያ ሰባት ዓመቴ ላይ ወስዶ ጣለኝ፤ እዚያም ሳለሁ ማንም እናት አይለኝም ነበር።

ያኔ ጌም ቤት ነበረኝ። ሴት ልጅ፣ ያውም የጸሎት ቤት ዘማሪ፣ ጌም ቤት! ሰፈሩ ሁለት ወር ሙሉ ተሳልቆብኛል። ቤቱን የከፈተው ወንድሜ ግርማ ነው፤ የሾፌርነት ሥራ ሲያገኝ «አስቱ፣ እስክመለስ ያዢልኝ» ብሎኝ ሄደ፣ ሐዋሳ ላይ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀረ። ቤታችን ወደ እንጦጦ ሲወጣ ታክሲ ትንፋሹ አጥሮት ማርሽ የሚቀይርበት አቀበት ላይ ነበር። ጌም ቤቱ የመንገድ ዳሯ ክፍል ናት፤ የቆርቆሮ በር፣ ሁለት ቲቪ፣ ሁለት ማጫወቻ፣ ሌት ተቀን የሚያፏጭ ስታቢላይዘርና አራት አግዳሚ ወንበር። ኳስ አንድ ጨዋታ በብር፣ ተኩስ በሰዓት አራት ብር። ቦምቦሊኖ ሃምሳ ሳንቲም ነበረች፤ የምትጠቀለልበት የደብተር ወረቀት ላይ የሆነ ተማሪ የተሳሳተው ሒሳብ ከነቀዩ ኤክስ ይነበባል። ጎረምሶቹ ጎኑ ላይ ኪስ ያለው ሰፊ ሱሪ ለብሰው ጫፉን እየረገጡ ይሄዱ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ሱሪው ጭቃውን እስከ ጉልበት ይጠጣል። ፊት ለፊታችን የካሴት ሱቅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ያስደምጣል። ባለቤቱ «ለሁለቱም ገበያ አለ» ይል ነበር። ዛሬ ካሴት ሱቁም የእኛ ክፍልም የሉም፤ መንገዱ ሰፍቶ ቦታቸው የእግረኛ ንጣፍ ሆኗል፤ ማታ ማታ ሰው አምሮበት ይንሸራሸርበታል።

እማዬ ያን ቤት አትወደውም ነበር። በሩ ላይ ቆማ ወደ ቲቪው ሳታይ ታናግረኛለች። «አስቴር፣ ልጄ፣ ባል በዚህ በር አይገባም» ትለኛለች። እኔ ደግሞ በልቤ ገብቷል እኮ እላለሁ። ምክንያቱም በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ ጴጥሮስ ይመጣ ነበር።

ጴጥሮስ ሸማኔ ነው፤ አባቱ ጋሽ ወልዴም ሸማኔ፣ አያቱም ሸማኔ። ከእኛ ቤት በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት በታች ነበር ቤታቸው። አባትና ልጅ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ፤ በእግራቸው ይረግጣሉ፣ በእጃቸው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰዳሉ። ቅዳሜ ነጠላውን ተሸክሞ ሽሮ ሜዳ ያወርዳል። እሑድ ከእኔ ጋር አንድ መዘምራን ውስጥ ነው፤ ድምፁ ግን ለመዘምራን የሚያበቃ አልነበረም፣ ለቁመቱ ብለው ነው ያስገቡት። ጆይስቲክ ሲይዝ ጣቶቹ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሌሎቹ ቁልፉን እንደ ጠላት ሲደበድቡት እሱ ይነካዋል ብቻ። እኔ ያን እጅ ለማየት ስል ስንት ጊዜ ሂሳብ ሳልቀበል ሰው እንዳሳለፍኩ እማዬ ብታውቅ ቤቱን በማግስቱ ታሽገው ነበር።

የሚጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ሰማይ ላይ፣ ከከዋክብት መሃል የተሰበረች መርከብ አለች፤ ውስጧ አንድ ወታደር ብቻውን ቀርቷል፤ መተላለፊያው ሁሉ ጊንጥ በመሰሉ መርዝ በሚተፉ ፍጥረቶች ተሞልቷል። ወታደሩ ከመርከቧ ጭራ ተነስቶ እስከ ግንባሯ መድረስ አለበት፤ እዚያ አንዲት ትንሽ ማምለጫ መንኮራኩር ትጠብቀዋለች። ጨዋታው ሲከፈት ከአራት ደረጃ አንዱን ይመርጣሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንም ስለማይጠራው ጎረምሶቹ ስም አወጡላቸው፤ ወተት፣ ሻይ፣ አረቄና መርዝ። በወተት እማዬም ትጨርሰዋለች። በአረቄ ወታደሩ አምስት ጊዜ ሲመታ ነው የሚሞተው፤ ጎበዝ ተጫዋች ያመልጣል። በመርዝ ግን ሁለት ጊዜ ከተመታ አለቀ፤ መድኃኒት የለም፤ የሞተ እንደሆነም የተጓዘው ሁሉ ይሰረዝና ከመርከቧ ጭራ ከዜሮ ይጀምራል። መሃል ላይ ማስቀመጥ የለም። ከጭራ እስከ ግንባር ሰባት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ደግሞ በፈረቃ ነበር፤ አንድ ቀን ለእኛ፣ አንድ ቀን ለማዶ ሰፈር፤ በእኛም ቀን ቢሆን ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል። እና በመርዝ የጨረሰ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ጴጥሮስ ያን ክረምት ሙሉ ሞክሮ ሞክሮ ሞተ። አንዴ ስድስት ሰዓት ተጫውቶ፣ የግንባሯ በር እየታየው፣ ከጣሪያ በወረደ አንድ ጊንጥ አለቀ። ሳይናደድ ጆይስቲኩን አስቀምጦ «ነገ» አለኝና ወጣ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

አሁን ስለ ምልክት ልናገር፤ ይህን ሳላስረዳ የቀረው አይገባም። እኛ የጸሎት ቤት ወጣቶች ምልክት የመጠየቅ ልማድ ነበረን። አንድ ትልቅ ነገር ለመወሰን ሲቸግረን ለእግዚአብሔር ምልክት እናስቀምጥለታለን፤ እንዲህ ከሆነ ፈቃድህ ነው፣ ካልሆነ ፈቃድህ አይደለም እንላለን። አንዷ ጓደኛዬ መጀመሪያ የሚመጣው ታክሲ ጨርቆስ የሚል ከሆነ አገባዋለሁ ብላ፣ ጨርቆስ የሚል ታክሲ በማይመጣበት ፌርማታ ቆማ ስትጠብቅ ዋለች። ሽማግሌዎቻችን ይቆጡን ነበር፤ እኛ አንሰማም። ሕጉ አንድ ነው፤ ምልክቱን መናገር ይቻላል፣ የተጠየቀበትን ጉዳይ ግን መልሱ እስኪመጣ ለሰው አይነገርም። ከተነገረ ይበላሻል እንል ነበር።

አንድ ሐሙስ ጴጥሮስ ገንዘቡን ከፍሎ ሳይጫወት ቁጭ አለ። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቀ።

«አስቱ፣ ቅዳሜ የእኛ ፈረቃ ነው አይደል?»

«ነው። ሽሮ ሜዳ አትወርድም እንዴ?»

«አልወርድም። አንዱን ቲቪ ቀኑን ሙሉ ያዢልኝ። በመርዝ ልጫወት ነው፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ አልሞክርም።»

«ምነው? ሰለቸህ?»

ጣቶቹን አያቸው። «ምልክት አስቀምጬበታለሁ» አለ። «ሳልሞት ከወጣሁ... በቃ፣ ሕይወቴ ይቀየራል። ላንቺ ነው መጀመሪያ የምነግርሽ። ቅዳሜ፣ ልክ እንደጨረስኩ።»

እኔ ምን ልሰማ? ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሕይወቴ ይቀየራል ያለ ወንድ፣ ላንቺ ነው መጀመሪያ የምነግርሽ ያለ ወንድ፣ ዓይኑን ሰብሮ ጣቱን እያየ! አርብ ዕለት ፀጉሬን ተሠራሁ። ሌሊቱን በጉልበቴ ሆኜ ጌታ ሆይ እርዳው ስል አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ሰው ነኝና። ይህ ሰው ክረምቱን ሙሉ ስንቴ ሞተ? ቅዳሜም ይሞታል። ከሞተ እኔን አያገባኝም፤ እግዚአብሔር አልፈቀደም ይላል። ጊንጥ ከጣሪያ ወረደብኝ ብሎ ይተወኛል ማለት ነው። እግዚአብሔርስ ቢሆን ትንሽ ቢታገዝ ምን ይለኛል አልኩ። እንደዚህ ነው ያልኩት፤ ዛሬ ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብደኛል።

ጨዋታ የሚከፍተው ቤት ጠባቂው ነው፤ ደንበኛ ማጫወቻውን አይነካም። ቅዳሜ ጴጥሮስ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመጣ ቲቪው ሞቆ፣ ወታደሩ በመርከቧ ጭራ ቆሞ ጠበቀው። «ከፈትሽልኝ?» አለ። «ከፍቼልሃለሁ» አልኩ። «መርዝ?» አለ። «መርዝ» አልኩ። አረቄ ነበር። ሁለቱ ደረጃዎች ሲታዩ ልዩነት የላቸውም፤ ያው መተላለፊያ፣ ያው ጊንጥ፣ ያው ድምፅ ነው። ልዩነቱ ሲመቱ ብቻ ነው የሚታወቀው።

በሩን ዘግቼ ለሌላ ደንበኛ ዛሬ ዝግ ነው አልኩ። ሰባቱን ሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቦምቦሊኖ አቀረብኩለት፣ አልቀመሰም። አራት ሰዓት ላይ ስታቢላይዘሩ ተንጣጣና መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ላይ አንዴ ተመታ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም፤ ጥግ ጥጉን፣ አንድ እርምጃ ሄዶ አንድ እየጠበቀ፣ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ሙሉ አንድ በር ሥር ጨለማ ውስጥ ቆሞ ያዳምጣል። እውነቱን ለመናገር መርዝም ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ሊወጣ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን ማሰብ ይጠቅመኝ ይሁን ይጎዳኝ አላውቅም። የመጨረሻው መተላለፊያ ላይ ሲደርስ ግን ጊንጦቹ ከግራም ከቀኝም መጡ። ሁለተኛ ተመታ።

ጴጥሮስ ጆይስቲኩን ለቀቀው። ጭኑ ላይ ወደቀ። ወታደሩ ግን ቆሟል። ሦስተኛ ተመታ፤ አሁንም ቆሟል። ጴጥሮስ ዞሮ አየኝ፤ ያን ፊት እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም፣ ፈርቶም ነበር፣ አብርቶም ነበር።

«አስቱ፣ አየሽ? መሞት ነበረብኝ!»

«ተጫወት!» አልኩት፤ ጮህኩበት።

ተጫወተ፤ እያለቀሰ። ማምለጫዋ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። አግዳሚው ላይ ተንበርክኮ ራሱን ደፋ። «የጌታ እጅ አለበት፣ እጁ አለበት» ይላል። እኔም አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

«ነይ ትንሽ እንሂድ» አለኝና በአቀበቱ ወጣን። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን እያሳለፍን፣ ባሕር ዛፉ መሃል ገባን። ሽታው፣ ፀሐዩ፣ አዲሱ ሹሩባዬ፤ ሁሉ ነገር እኔ እንዳሰብኩት ነበር። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና እንዲህ አለኝ።

«ልሄድ ነው።»

«የት?»

«በመተማ፣ በሱዳን አድርጌ ሊቢያ። ከዚያ ባሕሩን። አምስት ሆነን ነው፤ እነሱ ሁለት ወር ሲጎተጉቱኝ እኔ እምቢ ስል ነበር። ስፈራ። ስለዚህ ጌታን ጠየቅሁት፤ ከዚያች መርከብ ካወጣኸኝ ከባሕሩም ታወጣኛለህ አልኩት። ባይሆን ኖሮ እዚሁ ከአባባ ጋር እቀር ነበር። አንቺ ግን አየሽ አይደል? በሁለት የሚሞት ሰው በሦስት ቆመ!»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚፈለገው። «አረቄ ነበር» ማለት፣ በቃ። ለምን ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔን የምታገባኝ መስሎኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ወንድ ሳይጠይቃት ፀጉሯን የተሠራች ሴት ላለመሆን ብዬ ዝም አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ እሑድ ነበርና ጉባኤው ፊት ቆሞ መሰከረ፤ ሰው እልል አለ። ያኔማ ጨርሶ አልተቻለኝም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች እንደዚህ ያለውን ዝምታ አያውቁትም። በዘጠነኛው ቀን ሄደ። መርከቧ ያለችበትን ሲዲ ለሁለት ሰብሬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ይህንም ለማንም አልተናገርኩም።

ከካርቱም ሁለት ጊዜ ደወለ። ከሊቢያ አንዴ ደወለ፤ ድምፁ ቀጥኗል፤ የሆነ ቦታ ተዘግቶባቸው እንደነበር፣ ከአምስቱ ሦስት ብቻ እንደቀሩ ነገረኝ። «አትፍሪ፣ ያቺን ቀን እያሰብኩ ነው የምተኛው» አለኝ። በዚያኛው ጫፍ ሰው ይጮኽበት ነበር። ያኔም ልነግረው እችል ነበር። ግን እዚያ ለደረሰ ሰው ምን ልለው ነው? ከዚያ በኋላ አልደወለም። በስድስተኛው ወር ከሦስቱ የተረፈው ልጅ ለቤተሰቡ አስደወለ፤ ጀልባዋ ሳትርቅ ነው የተገለበጠችው።

ድንኳን ተተከለ። ጋሽ ወልዴ መሬት ላይ ተቀምጠው ለቀስተኛውን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ «ምልክቱን ያየ አለ?» ሰው ወደ እኔ ጠቆመ። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ያ ከነጠላ በቀር ሌላ የማያውቅ ሻካራ እጅ እጄን ሲይዘው የልጃቸውን ጣቶች አወቅኋቸው። «አንቺ በዓይንሽ አይተሻል አሉ» አሉኝ። «አይቻለሁ፣ አባባ» አልኩ። ያየሁትን ነው ያልኩት፤ ውሸት አልነበረም ማለት እችላለሁ። «በሁለት መሞት የነበረበት በሦስት ቆመ?» አሉ። «ቆመ» አልኩ። «ተመስገን» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ኑሮዬ። ጌም ቤቱን ሸጬ የፎቶ ኮፒ ማሽን ገዛሁ። አገባሁ፤ ባሌ ደግ ሰው ነው፣ ይህን አያውቅም። ሁለት ልጆች አሉኝ። በየዓመቱ የጴጥሮስ መርዶ የተሰማበት ቀን ሲደርስ ጋሽ ወልዴ ያስጠሩኛል፤ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተዘምሮ ሲያበቃ «አስቴር፣ ንገሪያቸው» ይሉኛል። ተነስቼ እነግራቸዋለሁ። ስታቢላይዘሩን፣ ላቡን፣ ሦስተኛውን ምት። በየዓመቱ እያሳመርኩት ሄጃለሁ መሰለኝ። ትናንሾቹ፣ ጴጥሮስን ያላዩት፣ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ሲያድር ሲያድር ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ በእኔ እጅ ያለ ነገር በራሱ እንደማይጠራ የገባኝ በዚህ ሳምንት ነው።

ከጥገና ቤቱ ወጥቼ ቲቪዬን እዚያው ትቼ በቀጥታ ወደ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ወልዴ አሁን አልጋ ይዘዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ በአረማመዴ ነው ያወቁኝ።

«አስቴር ነሽ? ምነው፣ ቀኑ ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም አባባ። ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

«ተቀመጪ። እስቲ ንገሪኝ፤ ለእኔ ብቻ።»

ተቀመጥኩ። «አባባ» አልኩ፣ «ያን ቀን ጨዋታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ጌታ ይክፈልሽ።»

«መርዝ ላይ አልነበረም። እሱ ሳያውቅ ዝቅ አድርጌ ነው የከፈትኩለት። ሰው በአምስት እንጂ በሁለት የማይሞትበት ላይ። ሦስተኛው ምት ማንንም አይገድልም ነበር። እኔ ብጫወትም አልሞትም ነበር።»

ጣታቸው የጋቢያቸውን ጥለት እየዳሰሰ ነበር፤ ቆመ።

«ለምን?» አሉ።

«ምልክቱን የጠየቀው እኔን ለማግባት መስሎኝ ነው።»

ውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል። መቆጣታቸውን ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ አሜን ልል ተዘጋጅቼ ነበር።

«እግሩን ይዤው ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ለእኔ አልነበረም። «እዚህ ደጃፉ ላይ ወድቄ እግሩን ይዤው ነበር። ምልክቱን ሲነግረኝ ነው የለቀቅሁት። እግዚአብሔር የጠራውን እኔ ማነኝ ብዬ።»

«አባባ...»

«እንግዲያ ልጄን ማንም አልጠራውም?»

ሃያ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ጊዜ ውስጥ ለኚህ ሰው የመጀመሪያውን ያልተቀባ መልስ ሰጠኋቸው።

«ማንም አልጠራውም» አልኩ።

ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ስትወጪ በሩን ዝጊው» አሉኝ።